ቡችላን መጸዳጃ ማስለመድ

ቡችላን መጸዳጃ ማስለመድ ማለት ቡችላው ሽንቱንና ዓይነ ምድሩን በተመረጠለት አንድ ቦታ ብቻ እንዲያስወግድ ማስተማር ነው። ቦታው ቤት ውስጥ ወይም ደጅ ሊሆን ይችላል። በኢትዮጵያ ውሻ በብዛት የሚያድገው ለግቢ ጥበቃ ስለሆነና ብዙ ቤተሰብ ውሻን ወደ መኖሪያ ክፍል ስለማያስገባ የተለመደው ደጁ ነው። የቤት ውስጡ ጥያቄ የሚነሳው በተለይ ግቢ በሌለው ኮንዶሚኒየም ነው።

ቡችላ ሦስት ሳምንት ገደማ ሲሞላው ከተኛበት ራቅ ብሎ መጸዳዳት ይጀምራል። በስምንተኛውና በዘጠነኛው ሳምንት ደግሞ እግሩ የለመደውን ነገር፣ ሣር ከሆነ ሣር፣ ጋዜጣ ከሆነ ጋዜጣ፣ እየፈለገ ይሄዳል። ስለዚህ ጋዜጣ የለመደን ቡችላ በኋላ ወደ ደጅ ማዞር እንደ አዲስ የማስተማር ያህል ሊያደክም ይችላል። ግቢ ላለው ሰው ከመጀመሪያው ደጅ ማስለመድ ይሻላል።

ደጅ ሲባል ግን ግቢ እንጂ መንገድ አይደለም። ፓርቮ የተባለው ቫይረስ ከታመመ ውሻ ዓይነ ምድር ጋር ወጥቶ አፈር ውስጥ ለወራት ይቆያል፤ ክትባቱን ያልጨረሰ ቡችላንም ሊገድል ይችላል። ክትባቱ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ባለው ዕድሜ ተጀምሮ እስከ 16ኛው ሳምንት ይደጋገማል። መንገድ ላይ የእብድ ውሻ በሽታም ያሰጋል።

በእንሰትና በቡና ጓሮ

እንደ ፍስሐ ገነት ባሉ የጌዴኦ ዞን አካባቢዎች «ደጅ ይውጣ» ማለት ብቻውን አይበቃም። በጌዴኦ ጓሮ እንሰት፣ ቡናና ጎመን አብረው ይበቅላሉ፤ ቡናም እዚያው ይሰጣል፤ ሕፃናትም እዚያው ይጫወታሉ። ቡችላ ደግሞ ብዙ ጊዜ ከእናቱ የወረሰውን ወስፋት ይዞ ይወለዳል። የወስፋቱ እንቁላል በወጣበት ዕለት ሰውን አይጎዳም፤ አፈር ውስጥ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ሲቆይ ግን ጎጂ ይሆናል። ጥላና እርጥበት ያለው አፈር ደግሞ ለረጅም ጊዜ ያቆየዋል። አፈር የነካ እጁን ሳይታጠብ የበላ ልጅ እንቁላሉን ሊውጥ፣ እጩም ወደ ጉበቱ ወይም ወደ ዓይኑ ሊሄድ ይችላል።

ስለዚህ ከጎመኑ፣ ከቡና ማስጫውና ከልጆች መጫወቻ የራቀ አንድ ጥግ ይመረጣል፤ ዓይነ ምድሩም በየቀኑ ተነስቶ መጸዳጃ ጉድጓድ ውስጥ ይጣላል። የወስፋት መድኃኒት ከሁለተኛው ሳምንት ጀምሮ በየሁለት ሳምንቱ ይሰጣል፤ መጠኑን የእንስሳት ሐኪም ይወስናል።

አለማመዱ

ቡችላው ከእንቅልፉ እንደነቃ፣ እንደበላና ተጫውቶ እንዳበቃ ወደ ቦታው ይወሰዳል። በቀን የሁለት ወር ቡችላ ሽንቱን ቢበዛ ሦስት ሰዓት ያህል ይይዛል። በቦታው ሲጸዳዳ ወዲያውኑ ማሞገስ ወይም ቁራሽ መስጠት ያስፈልጋል፤ ደቂቃዎች ካለፉ ምስጋናው ለምን እንደሆነ አይገባውም። መምታት ወይም አፍንጫውን ሽንቱ ላይ መድፈቅ የሚያስተምረው ከአልጋ ሥር ተደብቆ መሽናትን ነው። ወለሉ በሳሙናና በአቼቶ ይታጠባል፤ ሽታው ከቀረ ተመልሶ እዚያው ይሸናል።

ኮንዶሚኒየም ውስጥ ክትባቱ እስኪያልቅ ሰጋቱራ ወይም ጋዜጣ የተነጠፈበት ዝቅተኛ ሣጥን በረንዳ ላይ ይቀመጣል። ወደ ደጅ ሲዛወር ከዚያው ሰጋቱራ ጥቂቱን አዲሱ ቦታ ላይ መበተን ይረዳዋል። ዝናብ በሚበዛበት በጌዴኦ ደግሞ ብዙ ቡችላ እርጥብ ሣር መርገጥ ስለማይወድ፣ የተመረጠው ጥግ ክዳን ቢኖረው ወደ ቤት ሮጦ መሸናቱ ይቀንሳል።