ከቀዶ ሕክምናው በፊት የሕፃኑ ምግብ



ከንፈሩ ወይም ላንቃው ተሰንጥቆ የተወለደ ሕፃን ከጋሞ ደጋ ወደ አርባ ምንጭ፣ ከዚያም ወደ አዲስ አበባ ለቀዶ ሕክምና ሲላክ ሐሳባችን ሁሉ በመሳፈሪያው ላይ ብቻ እንዳይሆን ያስፈልጋል። ከስቶ የደረሰ ሕፃን ሳይሠራለት ሊመለስ ይችላልና።

ለከንፈር ቀዶ ሕክምና ሐኪሞች ለብዙ ዘመን የያዙት መለኪያ ዕድሜው ቢያንስ 10 ሳምንት፣ ክብደቱ 4.5 ኪሎ ያህል፣ የደሙ ሄሞግሎቢን በዴሲሊትር 10 ግራም እንዲሆን ነው። ምክንያቱም በምግብ እጥረት የተጎዳ ሰውነት ማደንዘዣውን በደንብ አይቋቋምም፤ ፕሮቲን ካነሰውም ቁስሉ ቶሎ አይገጥምም፣ ሊያመረቅዝና ስፌቱም ሊፈታ ይችላል።

ላንቃው የተሰነጠቀ ሕፃን ጡት ስቦ መጥባት ያቅተዋል። ስለዚህ እናቲቱ ወተቷን አልባ፣ ሕፃኑን ቀና አድርጋ፣ በንጹሕ ሲኒ ወይም በማንኪያ ቀስ እያለች ታጠጣው። 6 ወር ላለፈው ደግሞ ቆጮ ብቻውን አይበቃም፤ ሆድ ይሞላል እንጂ ፕሮቲኑ ጥቂት ነው። እንቁላል፣ የፈላ ወተት፣ በደንብ የላመ አተርና ባቄላ፣ ከተገኘም እሾሁ የወጣ የጫሞ ዓሣ ይታከልበት።

ሠራተኞች ሆይ፣ ሕፃኑን በየሳምንቱ መዝኑት፤ ክብደቱ ካልጨመረ ሳትዘገዩ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። ምእመናንም ለአውቶቡስ ከምታዋጡት ጋር እንቁላሉንና ወተቱን ቁጠሩ፤ ስፌቱን የሚያጸናው እርሱ ነውና።