ሳይቃጠል በቅጠል
በመስኮት ላይ የበቀለ ችግኝ ቅጠሉ ሲታመም ምን ይደረግ?

በየዓመቱ የፌብሩዋሪ ወር ሲገባ በብዙ ወገኖቻችን ቤት አንድ ዓይነት ነገር ይታያል። በሳሎኑ መስኮት ሥር ባዶ የእርጎ ኩባያዎች ተደርድረው፣ በውስጣቸው የቃሪያ፣ የሚጥሚጣና የበሶብላ ችግኝ በቅሎ ይገኛል። ዘሩ አምና ከደረቀው ላይ ተለቅሞ የተቀመጠ ነው። ሙቀቱ ሲመጣ፣ በኤፕሪል ወር አካባቢ፣ ችግኙ ወደ መርፔሴት ወይም ወደ ጓሮ ይወጣል ተብሎ ይጠበቃል።

ሁለት ሦስት ሳምንት ደኅና ከከረመ በኋላ ግን አንድ ቀን ጠዋት ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ ይገኛል። የቤቱ እናት «ተጠምቶ ነው» ብለው ውኃ ያጠጡታል። በማግስቱ ይብሱን ይጠወልጋል። ልጃቸው «እማዬ፣ ደሸን ያስፈልገዋል» ይልና ማዳበሪያ ገዝቶ ይጨምርበታል። ጎረቤት ደግሞ መጥታ «ይኼማ ተባይ ነው» ብላ ለበረሮ የተገዛውን መድኃኒት ትረጭበታለች። በሳምንቱ ችግኙ ይሞታል። የገደለውም ሕመሙ ሳይሆን ሕክምናው ነው።

«አንድ ችግኝ በማሽቴላ በጥቂት ሼቄል ይገዛ የለም ወይ?» የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። ነገር ግን ከእርሻ ሕይወት ወጥቶ በአራተኛ ፎቅ ለሚኖር አዛውንት ያች የመስኮት ችግኝ የቀረችው ማሳ ናት። ስትሞትበት «እጄ እርሻ ረሳ» ብሎ ያዝናል። እጁ ግን አልረሳም፤ የተለወጠው ቦታው ነው።

ማሳ ሌላ፣ ማሰሮ ሌላ

በጎንደር፣ በሰሜን ወይም በትግራይ ገጠር አርሰውና አርመው የኖሩ አባቶችና እናቶች ስለ ተክል የሚያውቁት ከብዙ የከተማ ሰው ይበልጣል። ይሁን እንጂ በማሳ ላይ የተረፈው ውኃ ወደ ታች ይሰርጋል፣ ሥሩም ምግብና አየር ፍለጋ እንደ ልቡ ይሄዳል። በአበባ ማሰሮ፣ በዚህ አገር አጠራር በአጺጽ፣ ውስጥ ግን ሥሩ እስረኛ ነው። የሚጠጣው እኛ ያጠጣነውን፣ የሚበላው እኛ የሰጠነውን፣ የሚያየው ብርሃንም መስኮቱ ያስገባውን ብቻ ነው።

ወቅቱም የተገለበጠ ነው። በአገር ቤት ዋናው ዝናብ የሚወርደው ከሰኔ እስከ መስከረም ሲሆን፣ በእስራኤል ዝናቡና ብርዱ አብረው ከኖቬምበር እስከ ማርች ይመጣሉ። ስለዚህ የመስኮት ችግኝ የሚያድገው ቀኑ አጭር፣ ብርሃኑም ደካማ በሆነበት ጊዜ ነው። በእንዲህ ያለ ጊዜ ችግኝ የሚጠጣው ጥቂት ነው።

አባቶች «ሳይቃጠል በቅጠል» ይላሉ። ለችግኝ ይህ አባባል ቃል በቃል ይሠራል። ሕመሙ ገና በአንድ ቅጠል ላይ ሳለ ያንን ቅጠል ማንበብ የቻለ ሰው ችግኙን ያድናል።

አምስት ጥያቄዎች

ውኃም ሆነ ማዳበሪያ ከመስጠታችሁ በፊት እነዚህን ጠይቁ።

አንደኛ፣ የታመመው የትኛው ቅጠል ነው? የታችኛው አሮጌው ነው ወይስ የላይኛው አዲሱ? ሁለተኛ፣ ቢጫ የሆነው ቅጠሉ በሙሉ ነው፣ በጅማቶቹ መካከል ነው ወይስ ጫፉ ብቻ? ሦስተኛ፣ ቅጠሉን ስትገለብጡት ከሥሩ ምን አለ? አራተኛ፣ አፈሩ እርጥብ ነው ወይስ ደረቅ? አምስተኛ፣ በዚህ ሳምንት ምን ተለወጠ? ማሰሮው ቦታ ቀየረ ወይ፣ ማዝጋኑ መሞቅ ጀመረ ወይ፣ አዲስ ማዳበሪያ ገባበት ወይ?

አንድ ነገር አስቀድሞ ማወቅ ይገባል። ከዘሩ መጀመሪያ የሚወጡት ሁለት ለስላሳ ቅጠሎች የዘር ቅጠሎች ናቸው። እነርሱ ለችግኙ የስንቅ ከረጢት ማለት ናቸው። እውነተኞቹ ቅጠሎች ሥራ ሲጀምሩ እነዚህ ቢጫ ሆነው ይረግፋሉ። ይህ ሕመም ስላልሆነ ምንም አትስጡ።

ከሁሉ የሚብሰው ውኃ ማብዛት

በቤት ውስጥ ችግኝን በብዛት የሚገድለው ጥማት ሳይሆን ደግነት ነው። ሥር እንደ ሰው ይተነፍሳል። አፈሩ ሁልጊዜ በውኃ ከተሞላ አየር ያጣና ይበሰብሳል። የበሰበሰ ሥር ደግሞ ውኃ ሊስብ ስለማይችል ቅጠሉ በውኃ መካከል ሆኖ ይጠወልጋል። ባለቤቱም ጥማት መስሎት ሌላ ውኃ ይጨምርበታል።

መለየቱ ቀላል ነው። ጣታችሁን 2 ሳንቲ ሜትር ያህል ወደ አፈሩ አስገቡ። ቅጠሉ ጠውልጎ፣ አፈሩ ግን እርጥብና ቀዝቃዛ ከሆነ ውኃ በዝቶበታል። ማሰሮውንም አንሡት፤ ውኃ የጠጣ ማሰሮ ከባድ ነው፣ የተጠማ ቀላል ነው። ከጥቂት ቀን በኋላ እጃችሁ ራሱ ይለምደዋል።

መድኃኒቱ ማቆም ነው። አፈሩ ከላይ እስኪደርቅ ድረስ አታጠጡ። ማሰሮው ከሥሩ ቀዳዳ ከሌለው ብሱት፤ የእርጎ ኩባያ ሦስት አራት ቀዳዳ ይበቃዋል። ስታጠጡ ከሥሩ እስኪወጣ ድረስ አጠጡና በሳሕኑ ላይ የቀረውን ከግማሽ ሰዓት በኋላ ድፉት። ሁሉም ተክል እኩል አይጠጣም። ጤና አዳም ደረቅ ይወዳል፣ በሶብላ ቶሎ ይጠማል፣ ቃሪያና ሚጥሚጣ በመካከል ናቸው።

የታችኛው ቅጠል ቢጫ ሲሆን

አፈሩ ደኅና ሆኖ ከታች ያሉት አሮጌ ቅጠሎች ብቻ ቢነጡ ችግኙ ርቦታል ማለት ነው። ተክል ናይትሮጅንና ማግኒዝየም ሲያጥረው ከአሮጌው ቅጠል ወስዶ ለአዲሱ ይሰጣል። እናት ከራሷ ቀንሳ ለልጇ እንደምትሰጠው ነው።

ቅጠሉ በሙሉ እኩል ከነጣ የጎደለው ብዙውን ጊዜ ናይትሮጅን ነው። ለአትክልት የሚሆን ፈሳሽ ማዳበሪያ ስጡት፤ ነገር ግን በጠርሙሱ ላይ ከተጻፈው ሩቡን ወይም ግማሹን ብቻ ነው። ማዳበሪያ ሲበዛ የቅጠሉ ጫፍ ይቃጠላል፣ በአፈሩም ላይ ነጭ ጨው ይታያል። ያን ጊዜ አፈሩን በብዙ ንጹሕ ውኃ አጥባችሁ በደንብ እንዲንጠፈጠፍ አድርጉ።

የቅጠሉ ጅማት አረንጓዴ ሆኖ በመካከሉ ያለው ብቻ ቢጫ ከሆነ ግን ማግኒዝየም ሊሆን ይችላል። ይህ በእስራኤል የራሱ ታሪክ አለው። በ2005 ዓ.ም. እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በአሽቀሎን ትልቁ የባሕር ውኃ ማጣሪያ ሥራ ጀመረ፤ ከዚያም በፓልማሂም፣ በሐዴራና በሶሬክ ሌሎች ተከተሉ። የባሕር ውኃ ሲጣራ ከጨው ጋር ማግኒዝየሙም አብሮ ይወጣል። የአሽቀሎንን ውኃ ያጠጡ ገበሬዎች በቲማቲምና በበሶብላ ዘመዶች ላይ ይህን ቢጫነት አይተው ማግኒዝየም በማዳበሪያ መጨመር አስፈለጋቸው። ለሰው የጠራ ውኃ ለተክል የጎደለ ሆኖ ተገኘ ማለት ነው።

ለቤት የሚሆነው መድኃኒት በዕብራይስጥ «ሜላሕ አንግሊ» የሚባለው የማግኒዝየም ጨው ነው። አንድ የሻይ ማንኪያ በአንድ ሊትር ውኃ አሟሙታችሁ አንድ ጊዜ አጠጡና ሁለት ሳምንት ጠብቁ። የወጥ ጨው ግን በፍጹም አይሆንም፤ ተክሉን ይገድላል።

አዲሱ ቅጠል ቢጫ ሲሆን

የታችኛው ቅጠል አረንጓዴ ሆኖ ከላይ የሚወጣው አዲሱ ቅጠል ቢጫ፣ ጅማቱ ግን አረንጓዴ ከሆነ የጎደለው ብረት ነው። ብረት ከአሮጌ ቅጠል ወደ አዲሱ ስለማይዛወር ጉድለቱ የሚታየው ከላይ ነው።

ብዙውን ጊዜ ብረቱ በአፈሩ ውስጥ አለ፤ ሥሩ ግን ሊወስደው አልቻለም። ምክንያቱ ሁለት ነው። አንዱ የበዛ ውኃ ነው። ሁለተኛው ኖራ የበዛበት ውኃ ወይም አፈር ነው፤ ኖራ ብረትን ይዞ አይለቅም። በእስራኤል ከከርሰ ምድር የሚወጣ ውኃ በሚጠጣበት ሠፈር ይህ የተለመደ ነው። ለማወቅ የቤታችሁን ኩምኩም ክፈቱ። ከውስጡ ወፍራም ነጭ ቅርፊት ከያዘ ያው ኖራ በማሰሮው አፈር ውስጥም ይከማቻል።

እንዲህ ከሆነ የዝናብ ውኃ በባልዲ አጠራቅማችሁ አጠጡ። ከጓሮ የተቆፈረ አፈር ትታችሁ ለችግኝ የተዘጋጀ አፈር ተጠቀሙ። ካልተሻለው ከማሽቴላ «ኬላት ባርዜል» የሚባለውን ብረት ጠይቃችሁ በጽሑፉ መሠረት በጥቂቱ ስጡ። ምስማር ከአፈር ውስጥ መቅበር የቆየ ልማድ ነው፤ ነገር ግን ኖራ ባለበት አፈር የዛገው ብረት ለሥሩ አይደርስም።

ብርሃን፣ ብርድና ሻራቭ

ግንዱ ቀጭንና ረዥም፣ ቅጠሉም የገረጣ ችግኝ ብርሃን እየፈለገ ነው። ወደ ደቡብ በሚያይ መስኮት አጠገብ አስቀምጡት፣ በየቀኑም ጥቂት አዙሩት። መብራት የምትጠቀሙ ከሆነ በቀን ከ14 እስከ 16 ሰዓት ይበቃል፤ ሌሊት ማረፍ አለበት።

የቅጠሉ ሥር ወደ ሐምራዊ ካደላ ብዙውን ጊዜ ብርድ ነው። አፈሩ ሲቀዘቅዝ ሥሩ ፎስፎረስ መውሰድ ያቅተዋል። በሶብላ ደግሞ ሙቀቱ ከ10 ዲግሪ በታች ሲወርድ ቅጠሉ ይጠቁራል። ሌሊት ከመስተዋቱ አርቁት፣ የማዝጋኑ ትኩስ አየር በቀጥታ የሚነፍስበት ቦታም አታስቀምጡት።

በኤፕሪል ችግኙን በአንድ ጊዜ ወደ መርፔሴት አታውጡ። መስተዋት ለለመደ ቅጠል የዚህ አገር ፀሐይ እሳት ነው፤ እንደ ወረቀት ነጭ ሆኖ ይቃጠላል። በመጀመሪያው ቀን አንድ ሰዓት በጥላ፣ ከዚያ እየጨመራችሁ ከ7 እስከ 10 ቀን አለማምዱት። ሻራቭ በሚነፍስበት ቀን ግን ወደ ውስጥ መልሱት።

ቅጠሉን ገልብጡ

በቅጠሉ ላይ ጥቃቅን ነጫጭ ነጥብ ካያችሁ ነጭ ወረቀት ከሥሩ ይዛችሁ ቅጠሉን መታ መታ አድርጉ። የወደቀው ነጥብ ከተንቀሳቀሰ በዕብራይስጥ «አካሪት» የምትባለው ጥቃቅን የሸረሪት ዘመድ ናት። ደረቅና ሞቃት አየር ትወዳለች፤ በክረምት ማዝጋን በሚሠራበት ቤት የምትበዛውም ለዚህ ነው። አዲሱ ቅጠል ተጠቅልሎ የሚያጣብቅ ነገር ካለበት ደግሞ ክሽክሽ ነው።

ለሁለቱም መጀመሪያ የቅጠሉን ሥር በውኃ እጠቡ። ካልጠፋ አንድ የሻይ ማንኪያ ለስላሳ ፈሳሽ ሳሙና በአንድ ሊትር ውኃ በጥብጣችሁ በአንድ ቅጠል ላይ ሞክሩ። በማግስቱ ካልተጎዳ ሌላውን ከፀሐይ ውጭ እርጩና ከጥቂት ሰዓት በኋላ በውኃ አለቅልቁት። በየ4 እና በየ5 ቀኑ ሦስት ጊዜ ድገሙት፣ ዕንቁላሉ እየተፈለፈለ ስለሚመለስ ነው። የበረሮ መድኃኒት ግን በምትበሉት ተክል ላይ በፍጹም አይረጭ። ነገ ያ በሶብላ ወደ በርበሬው፣ ከዚያም ወደ ልጆቻችሁ አፍ ይገባል።

ከአፈሩ ላይ ጥቃቅን ጥቁር ዝንቦች ከተነሡ ትላቸው እርጥብ አፈር ውስጥ ሥር እየበላ ነው። አፈሩን ከላይ ማድረቅ ብዙውን ያጠፋል። ካልበቃም «ቢ.ቲ.አይ.» የሚባል ለሰው የማይጎዳ ባክቴሪያ በማሽቴላ ይሸጣል። ይህን ባክቴሪያ በ1976 ፕሮፌሰር ዮኤል ማርጋሊት በኔጌቭ ከአንድ የረጋ ውኃ ውስጥ ያገኙት ሲሆን፣ ዛሬ በዓለም ዙሪያ በወባ ትንኝ ትል ላይ ጭምር ይውላል። ሳይንሳዊ ስሙም የእስራኤልን ስም ይዟል።

የማይድነውን መተው

ችግኙ ከአፈሩ ወለል ላይ ቀጥኖና ጠቁሮ ከወደቀ ሻጋታ በልቶታል፤ አይነሣም። አፈሩን ጣሉ። ማሰሮውንም አንድ እጅ አኮኖሚካ በዘጠኝ እጅ ውኃ እጠቡት፤ አኮኖሚካውን ከሌላ ማጽጃ ጋር አትቀላቅሉ። ቅጠሉ ተጨማዶ አረንጓዴና ቢጫ ሆኖ ከተዥጎረጎረ፣ ተባይም ካልተገኘበት፣ ቫይረስ ሊሆን ይችላል። መድኃኒት ስለሌለው ወደ ሌሎቹ ሳይዛመት ይወገድ። ሲጋራ የሚያጨስ ሰው ቃሪያና ቲማቲም ከመንካቱ በፊት እጁን በሳሙና ይታጠብ፤ የትምባሆ ቫይረስ በእጅ ይተላለፋል።

በመጨረሻ አንድ ነገር አደራ። በአንድ ጊዜ አንድ መድኃኒት ብቻ ስጡና ከ7 እስከ 10 ቀን ታገሡ። ሦስት ነገር አብሮ የሰጠ ሰው ቢድን ያዳነውን፣ ቢሞት የገደለውን አያውቅም። የተቃጠለው ቅጠል ተመልሶ አረንጓዴ ስለማይሆን በእርሱ አትፍረዱ፤ ቀጥሎ የሚወጣውን አዲሱን ቅጠል ተመልከቱ። እርሱ አረንጓዴ ሆኖ ከተከፈተ ችግኛችሁ ድኗል። እናታችሁም ነገ ጠዋት ጣሳቸውን ይዘው ወደ መስኮቱ ሲሄዱ «እማዬ፣ መጀመሪያ አፈሩን ይንኩት» በሏቸው።