ተጨማሪ መረጃ፦ በዝግ በር የተነደፈው የአሜሪካ መንግሥት
እ.ኤ.አ. ከግንቦት እስከ መስከረም 1787 ከ12 ግዛቶች የመጡ 55 ተወካዮች ፊላዴልፊያ ላይ በር ዘግተው ስለ ሕገ መንግሥቱ መከሩ፤ ሮድ አይላንድ ሰው አልላከችም። ደጃፉ በዘብ ይጠበቅ ነበር። ስለ ክርክሩ አብዛኛውን የምናውቀው ከተወካዮቹ አንዱ የነበረው ጄምስ ማዲሰን በየዕለቱ እየተከታተለ በጻፈው ማስታወሻ ነው። ትልቁ ጭቅጭቅ የውክልና ነበር፤ ትናንሾቹ ግዛቶች በትልልቆቹ መዋጥን ፈሩ። በመጨረሻ በሴኔት ለእያንዳንዱ ግዛት እኩል 2 መቀመጫ፣ በተወካዮች ምክር ቤት ደግሞ በሕዝብ ብዛት ልክ እንዲሰጥ ተስማሙ። ሌላው ስምምነት ግን አሳፋሪ ነው፦ በባርነት የተያዙ ሰዎች የመምረጥ መብት ሳይኖራቸው፣ ለመቀመጫ ድልድል ሲባል 5ቱ እንደ 3 ሰው እንዲቆጠሩ ተወሰነ። ይህን ስሌት የሻረው ከእርስ በርስ ጦርነቱ በኋላ፣ በ1868 የጸደቀው 14ኛው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ነው።