ግድግዳችን ሲሻግት ተጠያቂው ማነው?

ነሐሴ ሊጋመስ ሲል በየሰፈራችን የቀለም ባልዲ ያንጠለጠሉ ወጣቶች መታየት ይጀምራሉ፡፡ እንቁጣጣሽ እየመጣ ነው፡፡ ቤት ይጸዳል፣ መጋረጃ ይታጠባል፣ ክረምቱን ሙሉ አረንጓዴና ጥቁር ነጠብጣብ ሲያወጣ የከረመው የመኝታ ቤት ግድግዳም በአንድ ቀን ነጭ ይለብሳል፡፡ ለበዓሉ ያምራል፤ ምናልባት ለመስቀልም ይደርሳል፡፡ ጥቅምት ላይ ግን ቀለሙ እንደ ፊኛ ያብጥና በጣት ሲነኩት ይፈረፈራል፡፡ ከሥሩም ያው የምናውቀው ሻጋታ ብቅ ይላል፡፡

ነገሩ የቀቢው ጥፋት ብቻ አይደለም፡፡ ሐምሌና ነሐሴ አዲስ አበባ ከዓመቱ ዝናብ ትልቁን ድርሻ የምታገኝባቸው ወራት ናቸው፡፡ ግድግዳችን ውኃ ጠጥቶ በጠገበበት ሰዓት እኛ የፕላስቲክ ቀለም እንደርብበታለን፡፡ እርጥብ ልብስ አጥፎ ቁም ሳጥን ውስጥ ከመቆለፍ በምን ይለያል?

እኔ በትምህርቴ የሕግ ሰው ነኝ፤ ልስንና ቀለም ሙያዬ አይደለም፡፡ ስለ ሻጋታ ማንበብና የሚያውቁትን መጠየቅ የጀመርኩት በሽምግልና ምክንያት ነው፡፡ ከጥቂት ዓመታት በፊት በሰፈራችን አንዲት ተከራይና አከራይዋ ተጣሉና ‹‹ጋሼ፣ እርስዎ ሕግ ያውቃሉ፤ እስቲ ይዩልን›› ተብዬ ተጠራሁ፡፡ ተከራይዋ የአራት ዓመት ልጅ አላት፡፡ ክረምት በገባ ቁጥር ሌሊት ሌሊት ደረቱ ሲር ሲር ይላል፡፡ ሐኪሙ አስም ነው ብሎ መድኃኒት ካዘዘ በኋላ ‹‹ቤታችሁ እርጥበት አለው ወይ?›› ሲል ጠይቋታል፡፡ ‹‹እትዬ፣ ግድግዳው በስብሷል ያሳድሱልኝ ብዬ ብዬ ሰሚ አጣሁ›› ትላለች፡፡ አከራይዋም የዋዛ አይደሉም፡፡ ‹‹አንቺ ልጅ፣ ስትገቢ ግድግዳዬ ወተት ይመስል ነበር! መስኮት ዘግተሽ ስትቀቅዪ፣ ቤት ውስጥ ልብስ ስታሰጪ አበሰበስሽው፤ እንዲያውም የቀለሙን መክፈል ያለብሽ አንቺ ነሽ›› አሏት፡፡

የኪራይ ውላቸውን አየሁት፡፡ አንድ ገጽ ነው፤ ስለ ግድግዳ የሚለው ነገር የለም፡፡ ማስረጃው ያለው ግድግዳው ላይ ነበር፡፡ ሻጋታ ባለበት ሁሉ ውኃ አለና፣ ውኃው ከየት እንደመጣ ያላወቀ ሰው ሻጋታውን ሊያጠፋውም ሆነ ወጪው የማን እንደሆነ ሊናገር አይችልም፡፡

ሻጋታ እንዴት እንደሚኖር ትንሽ ልበል፡፡ ዘሩ በዓይን የማይታይ ብናኝ ሆኖ በየቤቱ አየር ውስጥ ይንሳፈፋል፤ ቪላም ይሁን ጭቃ ቤት ልዩነት የለውም፡፡ ምግቡም ሞልቷል፡፡ አቧራ፣ እንጨት፣ ካርቶን፣ ጨርቅ ሁሉ ይበቃዋል፡፡ ልንነሳው የምንችለው ውኃውን ብቻ ነው፡፡ የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ እንደሚለው የረጠበ ነገር ከ24 እስከ 48 ሰዓት ውስጥ ከደረቀ አብዛኛውን ጊዜ ሻጋታ አይበቅልበትም፡፡ የቤት ውስጥ አየር እርጥበትም ከ60 በመቶ በታች፣ ቢቻል ከ30 እስከ 50 በመቶ እንዲሆን ይመክራል፡፡ በሐምሌ በኮንዶሚኒየም ምድር ላይ ባለ ክፍል ለሚኖር ሰው ይህ ቀልድ ሊመስል ይችላል፡፡

ውኃው የሚገባባቸው መንገዶች ብዙ አይደሉም፡፡ ከላይ የሚመጣው ለመለየት ቀላል ነው፡፡ የዛገ ቆርቆሮ፣ የላላ ሚስማር፣ በቅጠል የተደፈነ አሸንዳ ሲኖር ኮርኒሱ ላይ ሻይ የፈሰሰበት የመሰለ ክብ ይወጣል፡፡ ከቧንቧ የሚመጣው በጋ ክረምት አይልም፤ ጥር ላይም ያልደረቀ ግድግዳ ካለዎት ቧንቧውን ይጠርጥሩ፡፡ ማታ የቤቱን ቧንቧ ሁሉ ዘግተው የቆጣሪውን ንባብ ይጻፉ፡፡ ማንም ሳይጠቀም ጠዋት ጨምሮ ከተገኘ አንድ ቦታ እየፈሰሰ ነው፡፡ (ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ይህን ማድረግ የሚቻለው ውኃ ባለበት ሌሊት መሆኑን መናገር አያስፈልገኝም፡፡)

ከመሬት የሚወጣው ለእኔ የሚገርመኝ ነው፡፡ ብሎኬትና ልስን በጥቃቅን ቀዳዳ የተሞሉ ስለሆኑ፣ ላምባ በኩራዝ ፈትል ሽቅብ እንደሚወጣ ሁሉ ውኃም በግድግዳ ሽቅብ ይወጣል፡፡ ከወለሉ ተነሥቶ ጉልበት ድረስ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይደርስና የቆመበት ቦታ ላይ ነጭ የጨው መስመር ይተዋል፡፡ ቤቱ ሲሠራ መሠረቱ ላይ እርጥበት የሚያግድ ንጣፍ ካልገባ፣ ወይም ከውጭ የተከመረው አፈር ከቤቱ ወለል ከፍ ካለ የሚከተለው ይኸው ነው፡፡ መንገዱ በየጊዜው እየተደለደለ ከፍ ሲል ግቢያቸው ዝቅ ብሎ የቀረባቸው ሰዎች ይህን በደንብ ያውቁታል፡፡

አራተኛውን መንገድ ግን ብዙ ሰው አይቆጥረውም፡፡ ሽሮ ሲንተከተክ የድስቱን ክዳን አንሥተው ይዩት፤ ውኃ ያንጠባጥባል፡፡ ትኩስ እንፋሎት ቀዝቃዛ ነገር ሲነካ ወደ ውኃ ይመለሳል፡፡ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍታ ላይ በምትገኝ ከተማ በክረምት ሌሊት ክዳኑ የውጭው ግድግዳ ነው፡፡ እንፋሎቱ ደግሞ የእኛው ነው፤ ከማብሰያው፣ ከሻወሩ፣ ወንበር ላይ ከተሰጣው ልብስ፣ አራት አምስት ሰው ከተኛበት ክፍልም ከትንፋሹ ይመጣል፡፡ ሻጋታው በክፍሉ ማዕዘን፣ በቁም ሳጥኑ ጀርባና አልጋ በተጠጋበት በኩል የሚበረታው አየር ስለማይዘዋወርበትና ግድግዳው እዚያ ስለሚቀዘቅዝ ነው፡፡ ቁም ሳጥኑን ከግድግዳው አንድ ጋት ማራቅ፣ ሲያበስሉና ገላ ሲታጠቡ መስኮት መክፈት፣ ልብስን በረንዳ ላይ ማስጣት ከአንድ ባልዲ ቀለም የበለጠ ሥራ ይሠራሉ፡፡ ቤቱን ላድርቅ ብሎ በተዘጋ ክፍል ከሰል ማንደድ ግን ፈጽሞ አይሆንም፡፡ ሻጋታ ቀስ ብሎ ነው የሚጎዳው፤ የከሰል ጭስ ግን በአንድ ሌሊት ቤተሰብ ይጨርሳል፡፡

ከግድግዳ የሚመጣውን ከአየር ከሚመጣው የሚለይ ርካሽ ዘዴ አለ፡፡ ክንድ በክንድ የሆነ ላስቲክ ግድግዳው ላይ ለጥፎ አራቱንም ጠርዝ በፕላስተር ማሸግና አንድ ሁለት ቀን መተው ነው፡፡ ውኃው ወደ ክፍሉ ባለው የላስቲክ ገጽ ላይ ከታየ የመጣው ከአየር ነው፤ ከላስቲኩ ጀርባ ከተሰበሰበ ግድግዳው ራሱ እያወጣው ነው፡፡ በዚያች ተከራይ ቤት ሁለት ቦታ ለጠፍን፡፡ ታችኛው ላስቲክ ጀርባው ራሰ፡፡ ወደ ውጭ ወጥተን ስናይ ከዓመታት በፊት ለፍሳሽ ጉድጓድ የተቆፈረው አፈር ግድግዳው ላይ እንደተከመረ አለ፤ ተሰብሮ የተንጠለጠለው አሸንዳም የጣሪያውን ውኃ የሚያወርደው እዚያው አፈር ላይ ነው፡፡ አልጋው አጠገብ ከፍ ብሎ የለጠፍነው ደግሞ በክፍሉ በኩል ራሰ፡፡ ልብሱ የሚሰጣው እዚያ ነበር፡፡ አከራይዋ አፈሩን አስነሡ፣ አሸንዳውን አስቀየሩ፡፡ ተከራይዋም የልብስ ገመዷን ወደ በረንዳ አወጣች፡፡ ልጁ አስሙ ለቀቀው ብዬ አልጽፍም፤ አስም መንስኤው ብዙ ነው፡፡ እናቱ ግን በቀጣዩ ክረምት ሌሊት የምትነሣባቸው ቀናት መቀነሳቸውን ነግራኛለች፡፡

ጠበኞች ሁሉ እንዲህ አይስማሙምና ወደ ሕጉ ልምጣ፡፡ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን አከራይ የሚያከራየውን ቤት በመልካም ሁኔታ እንዲያስረክብና በኪራዩ ዘመን እንዲጠብቀው ያስገድዳል፡፡ ተከራይ የሚጠግናቸው እንደ በር፣ የመስኮት መስታወትና የውኃ መክፈቻ ያሉትን ጥቃቅን ነገሮች ነው፤ እነሱም ቢሆኑ በእርጅና የተበላሹ ከሆነ አይጠየቅባቸውም፡፡ እንግዲህ በእኔ አነባበብ የሚያፈስ ጣሪያና ከመሬት ውኃ የሚስብ ግድግዳ የአከራይ ዕዳ ነው፡፡ ከማብሰልና ከልብስ የመጣውን እርጥበት አከራይ ላይ መጣል ግን ይከብዳል፡፡ መታጠቢያ ቤቱ መስኮትም ሆነ አየር ማስወጫ ከሌለው ክርክሩ መልሶ ወደ አከራዩ ይዞራል፡፡

በኮንዶሚኒየም ደግሞ ሦስተኛ ሰው ይመጣል፡፡ በ1995 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 370 የጋራ የሆነውን ከግሉ ለይቶ፣ የጋራውን ማስተዳደር ለባለቤቶች ማኅበር ሰጥቷል፡፡ ከሕንጻው ጣሪያ ለሚወርደው ውኃ የሚጠየቀው ማኅበሩ ነው፤ ከላይኛው ቤት መታጠቢያ ለሚንጠባጠበው ደግሞ የላይኛው ጎረቤት፡፡ ቤቱን በተቋራጭ ያሠራ ሰው የፍትሐ ብሔር ሕጉን ቁጥር 3039 ይመልከት፡፡ ተቋራጩ ሥራው ከተረከበበት ቀን አንስቶ ለአሥር ዓመት ለሥራው ጥራትና ጥንካሬ ዋስ ነው፡፡ ስንቱ ሰው በሦስተኛ ዓመቱ ከኪሱ ያስለስናል!

ተከራይ ‹‹ካልተመቸህ ልቀቅ›› እንዳይባል ፈርቶ ዝም የሚልበት ዘመን ረጅም ነበር፡፡ በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320 ውሉ በጽሑፍ እንዲሆንና ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ስለደነገገ፣ ቢያንስ በወረቀት ላይ ያ አባባል ጉልበቱ ቀንሷል፡፡ ተከራይ ታዲያ ቅሬታውን በቃል ብቻ አያቅርብ፡፡ ቀን ጽፎ፣ ፎቶግራፍ አያይዞ፣ ቅጂውን አስቀርቶ ይስጥ፡፡

ይህን ያህል ማተት ለምን አስፈለገ የሚል አይጠፋም፡፡ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጣው መመሪያ እርጥበትና ሻጋታ ባለበት ቤት የሚኖሩ ሰዎች የመተንፈሻ ሕመም፣ አለርጂና አስም እንደሚበረታባቸው ገልጿል፡፡ እንግሊዝ ውስጥ በሮችዴል ከተማ እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2020 የሁለት ዓመት ሕፃን ሞተ፡፡ ወላጆቹ ከሱዳን የሄዱ ናቸው፡፡ እ.ኤ.አ. በ2022 የሞቱን ምክንያት የመረመረችው ባለሥልጣን ሕፃኑን የገደለው ለረጅም ጊዜ በሻጋታ መኖሩ ያስከተለበት የመተንፈሻ ሕመም መሆኑን ወሰነች፡፡ አባትየው በ2017 ለአከራዩ ድርጅት ሲያመለክት የተሰጠው መልስ ‹‹ቀለም ቀባበት›› የሚል ነበር፡፡ በሕፃኑ ስም የተሰየመው ‹‹የአዋብ ሕግ›› ከኦክቶበር 2025 ጀምሮ በሥራ ላይ ውሏል፡፡ የማኅበራዊ ቤቶች አከራዮች ከባድ የእርጥበትና የሻጋታ ቅሬታ ሲደርሳቸው በአሥር የሥራ ቀናት ውስጥ መመርመር አለባቸው፤ አደጋ መኖሩ ከታወቀ በኋላም በአምስት የሥራ ቀናት ውስጥ ቤቱን ከአደጋው ማዳን ግዴታቸው ነው፡፡ ለአስቸኳይ አደጋ የተሰጠው ጊዜ 24 ሰዓት ብቻ ነው፡፡

ስለ ማጽዳቱ ጥቂት ልበል፡፡ ሻጋታው ከአንድ ካሬ ሜትር ገደማ ካልበለጠና በቤቱ አስም ያለበት ሰው እጁን እስካላስገባበት ድረስ ባለቤቱ ራሱ ሊያጸዳው ይችላል፡፡ በር ይዘጋ፣ መስኮት ይከፈት፣ አፍና አፍንጫ በደህና ጭንብል፣ እጅ በጓንት ይሸፈን፡፡ በደረቅ ብሩሽ መፈተግ ዘሩን በቤቱ ሁሉ መበተን ስለሆነ መጀመሪያ ይረጠብ፤ ከዚያ በውኃና በሳሙና ይታጠብና በደንብ ይድረቅ፡፡ የሻገተ የችፑድ ኮርኒስ፣ ፍራሽና ካርቶን ታጥቦ አይድንም፤ ይጣል፡፡ በረኪና የሁሉም ቤት መድኃኒት ሆኗል፡፡ ነገር ግን በልስን ላይ ቀለሙን ቢያጠፋም ውስጥ ድረስ አይዘልቅም፤ የሞተው ሻጋታም ካልተነሣ አለርጂ ያስነሣል፡፡ በረኪናን ከመጸዳጃ ቤት አሲድ ወይም ከአሞኒያ ጋር መቀላቀል መርዛማ ጋዝ ይፈጥራል፡፡ ‹‹ጥቁሩ ነው መርዙ›› የሚባለውም በቀለም የሚለይ ነገር አይደለም፤ ጥቁርም ሆነ አረንጓዴ ይወገዳል፡፡

ከዚያ ከሰፋ ባለሙያ ይጠራ፡፡ በአሜሪካ ቴክሳስ፣ ፍሎሪዳና ኒው ዮርክ ሻጋታ የሚመረምርም የሚያጸዳም ፈቃድ ያስፈልገዋል፤ መርማሪው ያንኑ ቤት ራሱ እንዳያጸዳም ሕጉ ይከለክላል፡፡ የሕግ ሰው ነኝና ይህ ደንብ ደስ ይለኛል፡፡ በሽታውን የሚናገረው ሰው መድኃኒቱን የሚሸጠው ከሆነ ጤነኛ አይገኝምና፡፡ እኛ ዘንድ ብዙ ጊዜ የሚጠራው ቀለም ቀቢ ነው፤ እሱም ያው ቀለም ያዛል፡፡ ስለዚህ አቅም ያለው በቅድሚያ ሥራውን የማይወስድ ግንባታ አዋቂ ከፍሎ ያሳይ፤ የሌለው ላስቲኩን ይለጥፍ፣ ቆጣሪውን ያንብብ፣ ዝናብ ሲጥል ወጥቶ አሸንዳውን ይመልከት፡፡

ጥገናው መሠራት ያለበት ግድግዳው በሚደርቅበት በጥርና በየካቲት ነው፡፡ በትልልቅ የግንባታ ውሎች አሠሪው ከክፍያው ጥቂት በመቶ ለጉድለት መያዣ ያስቀራል፡፡ ለመኝታ ቤት ግድግዳም ይህንኑ ማድረግ የሚከለክል ሕግ የለም፡፡ ውሉ ላይ ውኃው ከየት እንደሚመጣና በምን እንደሚታገድ ይጻፍ፤ ከዋጋው አንድ አምስተኛው ነሐሴ አጋማሽ ላይ ግድግዳው ደርቆ ከታየ በኋላ እንደሚከፈል ይግባ፡፡ ሁለት ምስክር ይፈርምበት፤ ከሥራው በፊት የተነሣው ፎቶግራፍም ይያያዝ፡፡