ድንኳን በአስታ ጫካ መካከል፦ በሰሜን ተራሮች ለማደር ምን ማወቅ ያስፈልጋል?

በአገራችን ድንኳን ሲባል ቀድሞ ወደ ኅሊና የሚመጣው ሠርግና ለቅሶ ነው። ይሁንና ዐፄ ፋሲለደስ እ.ኤ.አ. በ1636 ጎንደርን እስኪቆረቁሩ ድረስ ነገሥታቱ ለረጅም ዘመን አገር ያስተዳድሩ የነበረው ከቦታ ወደ ቦታ ከሚነሣ የድንኳን ሰፈር ነበር፤ «ከተማ» የሚለው ቃልም «ከተመ»፣ ማለትም ሰፈረ፣ ከሚለው ግሥ የወጣ ነው። ከጎንደር በስተሰሜን መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘውን ደባርቅን አልፎ ወደ ሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ የሚዘልቅ ተጓዥም ሌሊቱን ከሚያሳልፍባቸው ዋና መንገዶች አንዱ ይኸው ድንኳን ነው።

ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ዋና ዋናዎቹ የማደሪያ ሰፈሮች ሳንቃ በር፣ ግጭና ጨነቅ ናቸው። ሳንቃ በር ከባሕር ጠለል በላይ 3,250 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ በአስታ ዛፎች መካከል ይገኛል። ግጭና ጨነቅ 3,600 ሜትር አካባቢ ናቸው፤ በዚያ ጫካው እየሳሳ ለጓሳ ሣርና ለጅብራ ቦታውን ይለቃል።

ይህ የከፍታ ልዩነት ቀላል አይደለም። በ3,600 ሜትር ላይ በአንድ ትንፋሽ የሚገኘው ኦክስጅን በባሕር ጠረፍ ከሚገኘው ሁለት ሦስተኛ ያህል ብቻ ነው። የደባርቅና የጃናሞራ ገበሬ ተወልዶ ያደገበት ስለሆነ ላይሰማው ይችላል። ከመተማ ወይም ከሌላ ቆላ ተነሥቶ በመኪና በአንድ ቀን ጨነቅ ገብቶ የሚያድር ሰው ግን ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና እንቅልፍ ማጣት ሊገጥመው ይችላል። ስለዚህ ከ3,000 ሜትር በላይ የመኝታ ከፍታን በአንድ ሌሊት ከ500 ሜትር በላይ አለመጨመር ይመከራል። መጀመሪያ ሳንቃ በር፣ በማግሥቱ ግጭ የሚለው የተለመደ ጉዞም ከዚህ ምክር ጋር የሚስማማ ነው። ሕመሙ ከበረታ፣ በተለይም አካሄድ ከተንገዳገደ ወይም ተቀምጠውም ትንፋሽ ካጠረ፣ መድኃኒቱ ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ታች መውረድ ነው።

ብርዱ የሚከፋው በክረምት የሚመስለው ብዙ ነው። በእርግጥ ሌሊቱ እጅግ የሚቀዘቅዘው ሰማዩ በሚጠራበት ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ ነው። ደመና ለምድር እንደ ጋቢ ነው፤ እርሱ ሲገፈፍ ቀን የተሰበሰበው ሙቀት ወደ ሰማይ ይበናል፣ ጎሕ ሲቀድም ሣሩ በውርጭ ነጭ ሆኖ ይገኛል። ቀዝቃዛ አየር ከባድ ስለሆነም ወደ ጎድጓዳ ስፍራ ይወርዳል። ድንኳን የሚተከለው እንግዲህ ከጎድጓዳው ከፍ ባለ፣ ከገደሉ ጫፍም በራቀ፣ ነፋስ በማያገኘው ቦታ ነው፤ በሩም ለነፋሱ ጀርባውን ይስጥ። ከአየሩ ይልቅ ሙቀትን የሚነጥቀው መሬቱ ነው። ከላይ ሁለት ብርድ ልብስ ደርቦ ከታች ስስ ምንጣፍ ያነጠፈ ሰው ሲንቀጠቀጥ ያድራል። የደጋ እረኛ ይህን ከማንም በፊት ያውቃል፦ የበግ ደበሎ የሚያሞቀው በጠጉሩ መካከል አየር ስለሚይዝ ነው። የጥጥ ጋቢ እርጥበት ሲነካው ሙቀቱን ያጣል፤ የሱፍ ባናና በርኖስ ግን ርጥብም ሆነው በመጠኑ ያሞቃሉ።

ከዚህ ሁሉ በላይ ሊታወቅ የሚገባው የከሰል ጉዳይ ነው። ብርዱ ሲጠና የከሰል ምድጃ ወደ ድንኳን ማስገባት የሚያጓጓ ነገር ነው፤ ነገር ግን ይገድላል። ከሰል ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለ ጋዝ ይወጣል። ጋዙ ቀለምም ሽታም የለውም፤ ደም ኦክስጅን የሚሸከምበትን ቦታ ቀድሞ ይይዛል። ፍሙ ነጥቶ ጢሱ ከጠፋ በኋላም ጋዙ መውጣቱን አያቋርጥም። የመጀመሪያ ምልክቶቹ ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ በመሆናቸው ደግሞ በተራራ ላይ ያለ ሰው «ከፍታው ነው» ብሎ ይተኛል። የጋዝ ምድጃም ቢሆን በተዘጋ ድንኳን ውስጥ ያው ነው። ለመሞቅ የፈላ ውኃ በጠርሙስ ሞልቶ፣ በጨርቅ ጠቅልሎ ከእግር ሥር ማድረግ ይበቃል። የድንኳኑ የአየር መግቢያ ይከፈት፤ ካልሆነ የትንፋሽ ላብ ጣሪያው ላይ ጤዛ ሆኖ ሲያንጠባጥብ ያነጋል።

ከደጅ እሳት ማንደድስ? አስታ በዝግታ የሚያድግ ዛፍ ነው። አንድ ምሽት ለሙቀት የሚነደው ግንድ በአንድ ሰው ዕድሜ ላይተካ ይችላል። በበጋ እርጥቡ ቅጠል እንኳ ፈጥኖ ይቀጣጠላል። በ2011 ዓ.ም. በመጋቢትና በሚያዝያ በፓርኩ የተነሣው ቃጠሎ የአካባቢውን ሕዝብ ለቀናት በቅጠልና በአካፋ ሲያታግል ቆይቶ፣ በመጨረሻ ከእስራኤል የእሳት አደጋ ባለሙያዎች እስኪመጡ አድርሷል። አስታ ከተቃጠለ በኋላ ከሥሩ ማቆጥቆጡ እውነት ነው፤ ለጋው ቀንበጥ በከብት ከተጋጠ ግን አይነሣም። ስለዚህ ለማብሰያ የጋዝ ምድጃ ይዞ መሄድ ይመረጣል።

ለምግቡ አንድ ነገር መታወቅ አለበት። በ3,600 ሜትር ከፍታ ውኃ የሚፈላው በ88 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ገደማ ነው። ሽሮ ይደርሳል፤ ምስርና ባቄላ ግን ጋዝ ይጨርሳሉ እንጂ ቶሎ አይበስሉም። የምንጭ ውኃም ለመጠጥ ሲፈላ፣ መንተክተክ ከጀመረ በኋላ ቢያንስ ሦስት ደቂቃ ይቆይ።

ውኃው የተጓዡ ብቻ አይደለም። ከእነዚህ ተራሮች የሚፈልቁት ጅረቶች ወደ ተከዜ የሚወርዱት በገበሬው መንደር በኩል ነው፤ ላይ የታጠበ ሳሙና ታች ከእንስራ ይገባል። መጸዳጃ ቤት በሌለበት ከጅረት 60 ሜትር ያህል ርቆ፣ ስንዝር የሚሆን ጉድጓድ ቆፍሮ መልሶ መድፈን ይገባል። የምግብ ትራፊ ደጅ አይደር፤ ቁራው የከረጢት ዚፕ የሚያስቸግረው ወፍ አይደለም። ውሻም ይዞ መሄድ አይገባም፤ ከውሻ የሚተላለፍ የእብድ ውሻ በሽታ ለቁጥሩ ጥቂት ለሆነው ቀይ ቀበሮ ጥፋት ነው።

በዚህ ጉዞ የሚያተርፈው ማን ነው የሚለው ለአካባቢው ገበሬ ቀላል ጥያቄ አይደለም። በ2008 ዓ.ም. የግጭ መንደር ነዋሪዎች መሬታቸውን ለፓርኩ ለቀው ወደ ደባርቅ ተዛውረዋል። ለብዙ የአካባቢው ቤተሰብ በቅሎ ማከራየት፣ ምግብ ማብሰልና ማስጎበኘት ከእርሻ ጎን የቆመ ገቢ ነው፤ የጸጥታ ችግር እንግዳውን ሲያርቅ ይህ ገቢ ቀድሞ ይነጥፋል። ስለዚህም ከመነሣት በፊት የመንገዱን ሁኔታ በደባርቅ የፓርኩ ጽሕፈት ቤት መጠየቅ፣ የመግቢያ ክፍያውንም እዚያው መፈጸም ይገባል። በተለምዶ ስካውት የሚባለው ጠባቂም ከዚያው ይመደባል።

ስካውቱና ባለበቅሎው ብዙ ጊዜ የሚያድሩት በአንዲት ጋቢ ተጠቅልለው ነው። ዕቃ የሚያዘጋጅ ሰው ድንኳንና ፍራሽ ሲቆጥር እነርሱንም ጨምሮ ይቁጠር፤ ስንቁንም እንዲሁ፤ የጾም ቀን መሆን አለመሆኑንም አስቀድሞ ይጠይቅ።