የተዘጋው ሱቅና ያደረው ዱቤያችን



ለዚህ ጽሑፍ መነሻ የሆነን አንድ የቤት ሥራ ነው። ለስድስተኛ ክፍል ተማሪዎቻችን «እናት አባቶቻችሁ ልጆች ሳሉ በሰፈራችሁ የነበሩና ዛሬ የሌሉ ሱቆችን ጠይቃችሁ ጽፋችሁ ኑ» ብለን አዘዝናቸው። በሐረር ጀጎል የሚያድግ ልጅ ስለ ግንቡና ስለ አምስቱ በሮች ከመጽሐፍም ከአስጎብኚም ይሰማል። ግንቡን አሚር ኑር በ16ኛው ክፍለ ዘመን እንዳሠሩት፣ ከተማዋም በ2006 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት እንደተመዘገበች ያውቃል። አያቱ ስኳር ይገዙበት የነበረው ሱቅ የት እንደነበረ ግን የሚነግረው የለም። እኛም ይህችን ክፍተት ለመሙላት አስበን ነበር እንጂ ነገሩ ዞሮ ወደ ራሳችን ቤት ይመጣል ብለን አልጠረጠርንም።

ከፈረስ መጋላ ወደ ጊድር መጋላ የሚወርደውን መንገድ የሐረር ሰው «መኪና ግርግር» ይለዋል። ስሙን ያገኘው በግራና በቀኝ ከተደረደሩት የልብስ ስፌት መኪናዎች ድምፅ ነው። ከዚህ መንገድ ወደ ጎን ከሚገቡት ጠባብ መንገዶች በአንዱ ላይ እኛ አደግን። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ዓ.ም. በዚያች መንገድ ላይ አራት ሱቆች ነበሩ።

የመጀመሪያው የኮፍያ ሰፊው ነበር። ዒድ ሲቃረብ በሩ ላይ ተሰልፈን ራሳችንን በክር ያስለካናል። ሁለተኛው የሐልዋ ቤት ሲሆን ስኳሩ፣ ቅቤውና ሄሉ በአንድ ድስት ሲማሰል ሽታው ቁርኣን ቤት ድረስ ይመጣ ነበር። ኡስታዛችን በዚያ ሰዓት መስኮቱን ይዘጉት የነበረው በብርዱ ምክንያት እንዳልነበረ ዛሬ አስተማሪ ስንሆን ገብቶናል። ሦስተኛው ሱቅ እንኳን ሊባል አይችልም፤ አንድ ሽማግሌ በደጃቸው ቁርበት አንጥፈው የተቀደደ ኪታብ የሚጠግኑበት ቦታ ነበር። የሐረር የመጽሐፍ ድጉሰት ጥንት ስሙ የተጠራ ነው። እንግሊዛዊው ሪቻርድ በርተን በጥር 1855 እ.ኤ.አ. ወደ ከተማዋ ገብቶ ለአሥር ቀናት በቆየ ጊዜ ከታዘባቸው ሙያዎች አንዱ ይኸው ነበር። እኛ በደረስንበት ዘመን ግን ሽማግሌው አዲስ የሚደጉሱት ኪታብ አልነበራቸውም፤ የኛን የተገነጠለ ቃዒዳ በሙጫ ያያይዙልን ነበር።

አራተኛው የአው ሱቅ ነበር። «አው» በከተማችን ቋንቋ በጌይ ሲናን አባት ማለት ነው፤ ሰፈሩ ሁሉ ባለሱቁን በስማቸው ሳይሆን እንዲሁ አው እያለ ይጠራቸው ነበር። በዚያች ሁለት ሰው በማታስቆም ክፍል ውስጥ ያልነበረ ነገር አልነበረም። የባቢሌ ለውዝ በኬሻ፣ ከዚያው ለውዝ የተጨመቀ ዘይት በበርሜል፣ ለቁጢ የሚሆን የቡና ቅጠል፣ ለሐሻራ የሚሆን የቡና ገለባ፣ ዕጣን፣ ቅርንፉድ፣ ላምባ፣ በክር የሚቆረጥ ሳሙና። ስኳሩን በአሮጌ ጋዜጣ ሾጣጣ አድርገው ሲጠቀልሉት አንዲት ፍሬ አትፈስም ነበር። ለሉሕ ቀለም የምንበጠብጠውን ሙጫ ለቁርኣን ቤት ልጆች አይሸጡም፤ ይሰጡናል እንጂ። በረመዳን ከመግሪብ በፊት ቴምር በሳሕን አድርገው ሰው ለሌለበት ቤት ይልኩናል። የት የት ሰው እንደሌለ የሚያውቁት እርሳቸው ነበሩ፤ ማን ስንት እንጀራ እንደሚበላ የባለሱቅን ያህል ማን ያውቃል?

ይህን ስንል ያለፈው ሁሉ ማር ነበር ማለታችን አይደለም። ስኳሩ ላምባ ላምባ የሚልበት ቀን ነበር። ዕቃ ሲጠፋ ከጓዳ ደብቆ ለዘመዱ የሚሰጥ ባለሱቅም በከተማችን ነበረ። እናቶቻችን ለአንድ ጣሳ ዘይት ፀሐይ ላይ ሲቆሙ አይተናል።

ታዲያ እነዚህ አራት ሱቆች ምን ወሰዳቸው? ሰው ሲጠየቅ ኮንትሮባንዱን ያማርራል፤ ሌላው የባቡሩን መቆም ያነሳል። እውነትም የድሬዳዋው አሮጌ ባቡር ሲዳከም ከእርሱ ጋር የኖረው ንግድ ተናግቷል። ከዚያም ርካሹ የፓልም ዘይት በቢጫ ጀሪካን መጣና የለውዙን ዘይት ከወጥ ቤታችን አስወጣው። የባለሱቆቹ ልጆችም ወደ ቶሮንቶና ወደ ሌላው ዓለም ሄዱ፤ ሱቅ የሚረከብ ጠፋ። ይህ ሁሉ ልክ ነው። ግን ሐልዋውን በፕላስቲክ ዕቃ ታሽጎ ከመጣው የገዛነው እኛው ነን። ከውጭ የመጣውን ኮፍያ በግማሽ ዋጋ አግኝተን የሰፊውን ደጅ ቀና ብለን ሳናይ ያለፍነውም እኛው ነን። ዛሬ በኮፍያ ሰፊው ክፍል የሞባይል ቀፎ መሸፈኛ ይሸጣል፤ የአው ሱቅ በር ደግሞ በግንብ ተደፍኗል።

ወደ ቤት ሥራው እንመለስ። ከደብተሮቹ መካከል የአንዲት ተማሪያችን ጽሑፍ ሁለት መስመር ብቻ ነበረች። «አያቴ ሱቅ ነበራቸው። የዱቤ ደብተራቸው እቤታችን አለ፤ የሚያነበው ሰው ግን የለም» ትላለች። አድራሻውን ስንጠይቃት የኛኑ መንገድ ነገረችን። የአው የልጅ ልጅ ነበረች።

በማግስቱ ከዐስር ሶላት በኋላ እቤታቸው ሄድን። አባቷ በአክብሮት ተቀብለውን ደብተሩን ከግድግዳው መደርደሪያ አወረዱት። ጀርባው የተፈታ፣ ጠርዙ ዘይት የጠጣ ወፍራም ደብተር ነው። የተጻፈው በጌይ ሲናን ሲሆን ፊደሉ ግን የዓረብኛ ነው፤ የጥንቱ የከተማችን ሰው እንዲህ ነበር የሚጽፈው። ሰውየው የታተመ ቁርኣን ይቀራሉ፤ የአባታቸው የእጅ ጽሑፍ ግን ነጥብ የሌለው ፈጣን ጽሑፍ ስለሆነ አልተገለጠላቸውም። እኛ ጧት መንግሥት ትምህርት ቤት፣ ከሰዓት መድረሳ እየዋልን ያደግን ነን፤ ኡስታዛችንም ደብዳቤ በዚህ አጻጻፍ ያስጽፉን ነበር። ያን ጊዜ ምን ይጠቅማል እያልን ያጉረመረምንበት ትምህርት ነው።

ገለጥ ገለጥ አደረግን። የተከፈለው ሒሳብ በአግድም መስመር ተሰርዟል። ከመጨረሻዎቹ ገጾች በአንዱ ላይ የአባታችንን ስም አነበብን። ስኳር፣ ዘይት፣ ላምባ፣ እንደገና ስኳር። ከዚያ «ለልጁ መድኃኒት፣ በእጅ፣ 20 ብር» ይላል። ድምሩ 63 ብር ከ75 ሳንቲም ነው። አልተሰረዘም።

ለሰውየው ወዲያው አልነገርናቸውም። አፍረን ነበር። «ሌላ ቀን እንመለሳለን» ብለን ወጣንና በቀጥታ ወደ እናታችን ሄድን። እናታችን ነገሩን ሰምተው ጥቂት ዝም አሉ።

«ያ ልጅ አንተ ነህ» አሉ በመጨረሻ። «ወባ ይዞህ ነበር። አባትህ ድሬዳዋ ሥራ ላይ ነበሩ። ሌሊት በራቸውን አንኳኳሁ፤ ለምን እንኳን ብለው አልጠየቁኝም። ገንዘቡን አጠራቅሜ ስመለስ ሱቁ ተዘግቶ ነበር። ወደ ልጃቸው ሄዱ ተባለ፤ ከዚያ መርዶ መጣ። ረመዳን በገባ ቁጥር ትዝ ይለኛል። ለማን ልስጥ?»

በቁርኣን ውስጥ ረጅሙ አንቀጽ በሱረቱል በቀራህ 282ኛው ሲሆን የሚናገረው ስለ ብድርና ብድርን ስለመጻፍ ነው። ይህን ለተማሪዎቻችን ስንት ጊዜ አስተምረናል! አው ጽፈዋል። ያልተወጣነው እኛ ነን።

አሁን ሌላ ጥያቄ መጣ። ያን ጊዜ 63 ብር የሁለት ወር ስኳርና ዘይታችን ነበር፤ ዛሬ አንድ ኪሎ ስኳር እንኳን አይገዛም። የሚከፈለው የቱ ነው? አንድ ዓሊም ጠየቅን። የኢስላማዊ ፊቅህ አካዳሚ በ1988 እ.ኤ.አ. ኩዌት ላይ ባደረገው ጉባኤ የገንዘብ ዕዳ የሚመለሰው በቁጥሩ ልክ እንጂ በዋጋው ልክ አይደለም ብሎ መወሰኑን ነገሩን። ያም ሆኖ ባለዕዳው ቀድሞ ሳይዋዋልበት በፈቃዱ ጨምሮ ቢከፍል የተወደደ መሆኑን አከሉልን። እናታችን ይህን ሲሰሙ ተነሥተው ከሣጥናቸው በመሐረብ የተቋጠረ ብር አወጡ። ስንት እንደነበረ እዚህ መጻፍ አያስፈልግም።

የተማሪያችን አባት ገንዘቡን አልቀበልም አሉ። «ይቅር ብያለሁ፤ አባቴም ይቅር ብለዋል» አሉን። እኛም «እርስዎ የራስዎን ድርሻ ይቅር ማለት ይችላሉ፤ የእኅቶችዎ ሐቅስ?» አልናቸው። ትንሽ ሳቁና ስልካቸውን አወጡ። የድሬዳዋዋ እኅት «መምህራን ስትባሉ ነገር ታከብዳላችሁ» ብለው ቀለዱብን። ቶሮንቶ ያሉት ግን ስለ ገንዘቡ አንዲት ቃል አልተናገሩም። ያንን መስመር ቃል በቃል እንድናነብላቸው ጠየቁ። አነበብንላቸው። እንደገና አስነበቡን። ከዚያ የገጹን ፎቶግራፍ ላኩልኝ አሉ፤ የአባታቸው የእጅ ጽሑፍ በእጃቸው አልነበረምና።

በመጨረሻ ቁጥሩን ተቀበሉ። ትርፉን ደግሞ በአው ስም ለመድረሳው ልጆች ሉሕና ኪታብ እንዲገዛበት ተስማማን።

የቀሩት ገጾች ነገር አስቸግሮናል። ያልተሰረዘ ስም ብዙ ነው፤ አንዳንዱን እናውቀዋለን፤ አንዳንዱ ዛሬ ባለጸጋ ነው፤ አንዳንዱ አፈር ለብሷል። ለወራሾቹ እናንብብ ብንል ሐቃቸው ነው፤ ብናነብ ደግሞ የጎረቤትን ገመና መግለጥ ነው። ሰውየው ጭንቀታችንን አይተው ደብተሩን ከእጃችን ወሰዱና ከደኑት። «አባቴ ሱቁን ሲዘጉ የማንንም በር አላንኳኩም። ከእኅቶቼ ጋር እመክራለሁ» አሉ። ከሳምንት በኋላ ልጃቸውን ላኩብን፤ መልሱ እንደ አባታቸው ሁኑ የሚል ነበር። ራሱ መጥቶ የሚጠይቅ ካለ ብቻ ይነበብለታል።

ደብተሩ ግን ሲገለጥ ሲከደን የባሰ ተፈታ። በከተማችን የአቶ አብዱላሂ ሸሪፍ ሙዚየም የጥንቱን የድጉሰት ሙያ ለወጣቶች ሲያስተምር ቆይቷል፤ የራስ ተፈሪ ቤት በሚባለው ሕንፃ የሚገኘው ማለታችን ነው። ሙያውን ከተማሩት ወጣቶች ወደ አንዱ ከተማሪያችንና ከአባቷ ጋር ሄድን። ወጣቱ ደብተሩን በሁለት እጁ ተቀበለና «የየትኛው ሼኽ ኪታብ ነው?» አለን።

«የሱቅ ዱቤ ነው» አለች ልጅቱ።

ገለጥ አድርጎ አየው፤ ሊስቅ ነበር መሰለን፤ ተወው። የቆዳውን ቀለም ቀይ ይሁን ጥቁር ብሎ ጠየቃት።