እንደራሴውን መርጦ ግብሩን እንቢ ያለ አገር

በ1960 ዓ.ም. የቢቸናና የሞጣ ገበሬ ጠመንጃውን አንስቶ ሲነሳ፣ ጎጃም እንደራሴ መምረጥ ከጀመረ አሥር ዓመት ሆኖት ነበር። ታዲያ ተወካይ ያለው ሰው ለምን ሸፈተ? ስለ ምርጫ በተወራ ቁጥር የሚመለስ ጥያቄ ነው፤ መልሱም ከዘመኑ አሠራር ይጀምራል።

የ1948ቱ የተሻሻለ ሕገ መንግሥት የሕግ መምሪያ ምክር ቤት አባላትን ሕዝብ እንዲመርጥ ፈቀደ። የመጀመሪያው ምርጫ በ1950 ተካሄደ፤ ከዚያ በኋላ በየአራት ዓመቱ። 21 ዓመት የሞላው ሁሉ፣ ሴቱም ወንዱም፣ ይመርጣል። 200,000 ያህል ሕዝብ ላለበት የምርጫ ወረዳ ሁለት እንደራሴ ይደርሰዋል። ለመመረጥ ግን በወረዳው ንብረት ያሻል፤ ፓርቲም የለም። መራጩ የሚያወዳድረው ሰውን ከሰው ነው፤ ስለ ግብር ቃል አስገብቶ የሚይዘው ተወዳዳሪ አልነበረውም።

ያው ሕገ መንግሥት ግብር በሕግ ካልሆነ አይጣልም ይላል። የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅም በምክር ቤቱ አልፎ በ1960 መጀመሪያ ታወጀ። በወረቀት ሲታይ ጎጃምም ተስማምቷል ማለት ነው።

አውድማ ላይ ሲደርስ ግን ነገሩ ሌላ ሆነ። የጎጃም መሬት በጋሻ ተለክቶ አያውቅም። አሁን ገማች መጥቶ የማሳውን ጤፍ በዓይኑ ይመዝንና በገበሬው ስም ይጽፋል። በርስት አገር ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ እርሻው የሚታወቀው በአቅኚው አባት ነው፣ እህትም የአጎት ልጅም ድርሻዬን ሊሉበት ይችላሉ። በአንድ ሰው ስም ከተጻፈ ቀጥሎ የመሬት መለኪያው ገመድ፣ ቀላድ፣ ይጣላል፣ ከቀላድ በኋላ ርስት የለም ብሎ ገበሬው ሰጋ። በደቡብ ቀላድ የተጣለበት ባለመሬት እንዴት ጭሰኛ እንደሆነ ያየ ሰው ስጋቱን ከንቱ አይለውም።

ገማቾቹን አላስጠጋም አለ። ዳሞትም ተነሳ። መንግሥት ጦር ሰደደ፣ አውሮፕላን መንደር ደበደበ። በመጨረሻ ጠቅላይ ገዢው ፀሐዩ እንቁሥላሴ ከጎጃም ተነሱ፤ ውዝፍ ግብርም ተማረ። የሚያሳዝነኝ፣ ምሕረቱ የመጣው በእንደራሴ ክርክር ሳይሆን ያ ሁሉ ደም ከፈሰሰ በኋላ መሆኑ ነው።

በ1961 ሌላ ምርጫ ተካሄደ፤ ያው የንብረት መስፈርት፣ ያው ፓርቲ የሌለበት ውድድር።